በጠፈር ጌም ውስጥ የጨረቃ ቤት ለምን አይሠራም?

የጠፈር ስትራቴጂ ጌም የተጫወተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያዋ ፕላኔት ትጣፍጣለች። አምስተኛዋም ምንም አትልም። አሥረኛዋ ላይ ሲደረስ ግን እጅ ይዝላል፤ ተጫዋቹ እርሻ፣ ማዕድን፣ ፋብሪካ፣ ቤተ ሙከራ እያለ ያንኑ ዝርዝር ደግሞ ደጋግሞ የሚገለብጥ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሃያኛዋ ላይ ደግሞ ጌሙን ዘግቶ ይተኛል። ብዙዎች ይህን በተጫዋቹ ስንፍና ያሳብባሉ፤ እኔ ግን ጥፋቱን የምሰጠው ለሕጉ ነው።

ዘንድሮ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን የጠፈር ስትራቴጂ ጌም እየሠራን ነው። አንደኛው ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ ሌላው መርከቦቹንና ውጊያውን ይዟል፤ የኢኮኖሚውና የከተማው ሕግ ሁለቱም ስላልፈለጉት ለእኔ ተረፈ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ካፌ ስንቀመጥም ታክሲ ስንጠብቅም ክርክራችን ይኸው ነው። ነገሩ ከሦስታችን አልፎ የዲፓርትመንታችን አንባቢ ቢፈርድበት ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ዓይነቱ ጌም የወጣለት ስም ራሱ ብዙ ይናገራል። አለን ኤምሪክ የተባለ ጸሐፊ በ1993 ስለ «ማስተር ኦፍ ኦራየን» ሲጽፍ አራት ግሦችን ደረደረ፤ ማሰስ፣ መስፋፋት፣ መበዝበዝ፣ ማጥፋት። ዛሬ «ፎር ኤክስ» የሚባለው ስያሜ የመጣው ከዚያ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከአራቱ ውስጥ «መኖር» የሚል ግሥ የለም። እና በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ከተማ ማለት በአንድ በኩል ሰው የሚገባበት በሌላው በኩል መርከብ የሚወጣበት ማሽን ሆኖ ቀረ።

ማስተር ኦፍ ኦራየን ይህን ሳይደብቅ፣ ለዚያውም በሚያምር መንገድ ነው ያደረገው። እያንዳንዷ ፕላኔት አምስት ማንሸራተቻ ብቻ አላት፤ ለመርከብ፣ ለመከላከያ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለአካባቢ እና ለምርምር። ሰው ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል፣ ፋብሪካው ገንዘብ ያወጣል፣ ቆሻሻም ያወጣል፤ ቆሻሻው ካልተጠረገ ሰው የሚኖርበት ቦታ ይጠባል። አለቀ። ብዙ ፕላኔት ቢኖርም ይህን ያህል ይቻላል። በ1996 የመጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ሕዝቡን ገበሬ፣ ሠራተኛና ተመራማሪ ብሎ ከፈለና በእያንዳንዷ ፕላኔት ላይ የሚሠራ ረጅም የሕንጻ ዝርዝር አመጣ። እኔ ሁለተኛውን አብልጬ እወደዋለሁ፤ እህል ከተረፋት ፕላኔት ወደ ራባት ፕላኔት ለመውሰድ የጭነት መርከብ ያስፈልግ ነበር፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከ1991ዱ «ሲቪላይዜሽን» የተወረሰው የሕንጻ ዝርዝር ወደ ጠፈር በሰፊው የገባው በእሱ በኩል ይመስለኛል። ዝርዝር ካለ ሁሉንም መሥራት ነው። ሁሉንም ከሠራህ ደግሞ ሁሉም ፕላኔት አንድ ነው።

ጌም ሠሪዎች ይህን ሳያዩት ቀርተው አይደለም፤ መድኃኒት ሲሞክሩ ኖረዋል። አንዱ መድኃኒት ዋጋ ማናር ነው። በ2002 ከጀርመን የወጣውን «ኦጌም» እንውሰድ፤ ሂሳብ ለሚወድ ሰው ይጥማል። የብረት ማውጫው ደረጃ አንድ በጨመረ ቁጥር ዋጋው በ1.5 ይባዛል። በሰዓት የሚያስገኘው ምርት ደግሞ 30 በደረጃው ቁጥር ተባዝቶ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጊዜ በ1.1 እየተባዛ የሚመጣው ነው። ወደ 10ኛ ደረጃ ለመውጣት 2,300 ያህል ብረት ይጠይቃል፤ በሰዓት የሚጨምረው ምርት 141 ገደማ ስለሆነ ብረቱ በ16 ሰዓት ይመለሳል። ወደ 20ኛ ለመውጣት ግን 133,000 ያህል ብረት ይፈልጋል፤ ጭማሪው በሰዓት 550 ገደማ ነው። ለመመለስ አሥር ቀን! ክሪስታሉን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ፕሮግራም የሚጽፈው ጓደኛዬ ይህን ቀመር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። «ሁለት መስመር ኮድ እኮ ነው፣ በቃ!» ይላል። ስለ ኮዱ ልክ ነው። ነገር ግን ቀመሩ ተጫዋቹን ያዘገየዋል እንጂ ምንም አያሳስበውም። 19ኛው ደረጃ ላይ ያደረገውን 20ኛው ላይም ያደርጋል፤ ልዩነቱ አሥር ቀን መጠበቁ ብቻ ነው።

ሌላው መድኃኒት ትልቅ የሆነውን መቅጣት ነው። በ2005 የወጣው አራተኛው ሲቪላይዜሽን ከተሞች በበዙና ከመናገሻው በራቁ ቁጥር የሚከፈል የማስተዳደሪያ ወጪ ጣለ። በ2010 የመጣው አምስተኛው ደግሞ የሕዝቡን ደስታ በአንድ የጋራ ማሰሮ ውስጥ ከተተው፤ አዲስ ከተማ በተቆረቆረ ቁጥር ከማሰሮው ይቀነሳል። «ስቴላሪስ» በ2021 ሦስተኛ እትሙ ላይ የባሰውን አደረገ፤ በግዛቱ ውስጥ ያለው ሕዝብ በጠቅላላ በበዛ ቁጥር በየፕላኔቱ አንድ አዲስ ሰው ለመጨመር የሚያስፈልገው እድገት እንዲጨምር አደረገ። እስቲ አስቡት፤ በጋላክሲው አንድ ጥግ ሕዝብ ስለበዛ በሌላው ጥግ ያለች ሚስት መውለድ ይዘገይባታል። ለምን? ቢባል «ሚዛን ለመጠበቅ» ከማለት በቀር መልስ የለም። ተጫዋቾች ቢያጉረመርሙ ምን ይገርማል?

ሦስተኛው መድኃኒት «ተወው፣ ኮምፒዩተሩ ያስተዳድርልህ» ነው። ማስተር ኦፍ ኦራየን ሦስት በ2003 ፕላኔቶቹን ለእንደራሴዎች አስረከበ። ተጫዋቹም በገዛ ግዛቱ ውስጥ እንግዳ ሆነ። እንደራሴው ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርግ አይታወቅም፤ ሰንጠረዥ ማየት ብቻ።

ሦስቱም መድኃኒቶች በሽታውን «ብዛት» ብለው ነው የያዙት። በእኔ እምነት በሽታው ሌላ ነው። በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ያለች ከተማ ተጫዋቹ ካላዘዛት በቀር ምንም አታደርግም። ሰው ካልታዘዘ አይሄድም፣ ገበያ ካልተሠራ አይቆምም፣ ቤት ካልተፈቀደ አይበቅልም። አሥረኛዋ ፕላኔት የምትሰለቸው እንደ መጀመሪያዋ ዝም ብላ ትእዛዝ ስለምትጠብቅ ነው። የራሷ ጉዳይ፣ የራሷ ችግር ይዛ ብትመጣ ኖሮ አሥረኛ መሆኗን ማን ይቆጥር ነበር?

ይህን በከፊል የሠሩት ሰዎች አሉ፣ ያውም ከሁሉም ቀድመው። ዳኒ በንተን በ1983 የሠራችው «ሚዩል» አራት ተጫዋቾችን ኢራታ የምትባል ፕላኔት ላይ ያሰፍራቸዋል (ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ብታነቡት አታሪ ይሆናል፣ ጌሙ የወጣበት ኮምፒዩተር)። ጦርነት የሚባል የለም። ምግብ ካነሰህ በሚቀጥለው ዙር የመሥሪያ ጊዜህ ያጥራል፤ ኃይል ካነሰህ በመሬትህ ላይ ያሉት ማሽኖች ሥራ ያቆማሉ። ማሽኖቹ የሚሠሩበትን ማዕድን ሁሉም ቢደብቀው ሱቁ ማሽን ያልቅበትና ሁሉም ይጎዳል። ስለዚህ ሰው ከሰው ይፈላለጋል። በመጨረሻ ሀብታሙ ተለይቶ ቢታወቅም ሰፈራው በጠቅላላ ምን ያህል እንደቀናው አብሮ ይነገራል። በዚያን ዘመን ትንሽ ማሽን ላይ ይህን ያህል ከተቻለ ዛሬ የሚያቅተን ለምንድን ነው?

ሁለተኛው በ2016 የወጣው «ኦፍወርልድ ትሬዲንግ ካምፓኒ» ነው። ቦታው ማርስ፣ መሣሪያው የገበያ ዋጋ ነው። ከማዕከልህ ርቆ የተተከለ ማውጫ ዕቃውን ለማመላለስ ነዳጅ ይበላል፤ በራቀ ቁጥር ብዙ ይበላል። መሪ ዲዛይነሩ ሶረን ጆንሰን አራተኛውን ሲቪላይዜሽንም የመራ ሰው ነው፤ በ2005 በርቀት ላይ ግብር የጣለ ሰው በ2016 ርቀትን ራሱን ሜዳው ላይ አወጣው። ግብሩን ተጫዋቹ ከፍሎ ይረሳዋል። ርቀቱን ግን በዓይኑ ያየዋል፤ ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ያስበዋል።

እኛ አገር ርቀት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃችን አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው። ከተማ እንዴት እንደሚወለድም በዚያው መስመር ላይ ማየት ይቻላል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረር ተራራ ስለከበደው በቆላው አለፈ፤ ሐዲዱ በደረሰበት ቦታም በ1902 ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ጭነት በመጣ ቁጥር ተሸካሚ፣ ነጋዴ፣ መካኒክ፣ ምግብ ሻጭ ተሰበሰበባት። እስቲ በየትኛው የጠፈር ጌም ነው መንገድ በማለፉ ምክንያት ከተማ የተወለደው? እኔ አላየሁም። ሁልጊዜ ከተማዋ ትቀድማለች፣ መንገዱ በኋላ ይሰመራል።

ስለዚህ የእኛን ሕግ ከመንገድ ጀመርኩት። አንድ የጭነት መርከብ 10 ጭነት ይይዛል። ለአንድ ዝላይ 1 ነዳጅ ይበላል፣ ሄዶ መምጣቱ ይቆጠራል። የአንድ ነዳጅ ዋጋ ከአንድ ጥሬ ብረት ዋጋ ጋር እኩል ይሁን። እንግዲህ 3 ዝላይ ርቃ ካለች ፕላኔት 10 ብረት ለማምጣት 6 ነዳጅ ይወጣል፤ 4 ይተርፋል። 5 ዝላይ ርቃ ካለችው ግን 10 ነዳጅ ይወጣል፤ ምንም አይተርፍም። ተጫዋቹን «ሩቅ ፕላኔት ክልክል ነው» ያለው የለም፤ ራሱ አስልቶ ይደርስበታል።

አሁን 3 ጥሬ ብረት ቀልጦ 1 ቅይጥ ብረት ይሆናል፣ ዋጋውም 4 ጥሬ ብረት ነው እንበል። ከሩቋ ፕላኔት 30 ጥሬ ብረት በሦስት ጉዞ ቢመጣ 30 ነዳጅ ይጠፋል፤ ትርፉ ዜሮ ነው። እዚያው ቀልጦ 10 ቅይጥ ሆኖ ቢመጣ አንድ ጉዞ፣ 10 ነዳጅ፤ ዋጋው 40 ስለሆነ 30 ይተርፋል። ሩቋ ፕላኔት ማቅለጫ የሚገባት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅርቧ ግን ያለ ማቅለጫም ትኖራለች። ማቅለጫ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሠራተኛ ይበላል፣ እዚያ ደግሞ እህል አይበቅልም። ባዶዋን ትሄድ የነበረችው መርከብ ስትሄድ እህል ትጭናለች። ሁለቱ ፕላኔቶች ተፈላለጉ ማለት ነው። ሕንጻ በዝርዝር መደርደር ቀረና ጥያቄው «ይህች ቦታ ከማን ጋር ትኖራለች?» ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ጓደኞቼ ብዙም አልተቃወሙም። ጠቡ የመጣው ከቤቱ ላይ ነው።

ማቅለጫው ሥራ ከፈተ እንበል። በአጎራባች ፕላኔት ሥራ ያጣ ሕዝብ አለ። በተለመደው ጌም ተጫዋቹ ቤት እስኪሠራ ድረስ እነዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። በእኔ ሕግ ይመጣሉ። እያንዳንዷ ፕላኔት በፕላን የተከፈሉ 12 ቦታዎች አሏት፤ ቤት ያላገኘ ቡድን ለወደቡ ከሚቀርበው ባዶ ቦታ ላይ ራሱ ይሠራል። የጨረቃ ቤት! እኛ ይህን ቃል ያወጣነው በሌሊት በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ ለሚያድር ቤት ነው፤ በእውነተኛ ጨረቃ ላይ ለሚሠራ ቤት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? የውጊያው ኃላፊ ሳቀ። «አየር በሌለበት ቦታ ማን ጭቃ አቡክቶ ቤት ይሠራል?» አለኝ። በጭቃ አይደለም። እህል ይዞ የመጣው ኮንቴይነር እዚያው ወደቡ ላይ አለ። ኮንቴይነር ሱቅም ቤትም እንደሚሆን ለአዲስ አበባ ልጅ ይነገራል እንዴ? አየሩን ደግሞ ከጎረቤት መስመር ይጠልፋል፤ የጎረቤቱም አየር ይቀንሳል። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

ተጫዋቹ በዚህ ጊዜ ሦስት ምርጫ አለው። ዝም ማለት ይችላል፤ አየሩ ይቀንሳል፣ ሥራው ግን ይሄዳል። ካርታ ሰጥቶ የአየር መስመር ማስገባት ይችላል፤ 20 ያስወጣዋል፣ ቀድሞ አስቦ ቢሠራው ኖሮ 10 ነበር። ወይም ያፈርሳል። ካፈረሰ ቦታው ይለቀቅለታል፣ ቡድኑ ወደ ሌላ ፕላኔት ይሄዳል፣ ወሬውም ስለሚሰማ ለተወሰነ ዙር ወደዚያች ፕላኔት አዲስ ሠራተኛ አይመጣም። ስንት ዙር? ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር ብቻ ይመስላል፤ እኔ ግን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። ጄይ ፎሬስተር የተባሉ የኤም.አይ.ቲ. ምሁር በ1969 ስለ ከተሞች ዳይናሚክስ ባሳተሙት መጽሐፍ ከተማን በኮምፒዩተር ሞዴል ሠርተው ነበር። ሞዴላቸው ለድሃ ርካሽ ቤት መሥራት ከተማዋን ይጎዳል፣ የተጎሳቆሉ ቤቶችን ማፍረስ ይጠቅማል የሚል ውጤት ሰጠ፤ ብዙ ሰውም ተቃወማቸው። ዊል ራይት በ1989 የወጣውን «ሲምሲቲ» ሲሠራ ከእሳቸው ሐሳብ ወስዷል። ያን ጌም ተጫውቶ ያደገ ልጅ መጽሐፉን አላነበበም፣ ስማቸውንም አያውቅም። ሕጉን ግን በጣቱ ተምሮታል። እኛም ማፍረስን ርካሽ ካደረግነው ተጫዋቹ ሁልጊዜ ያፈርሳል፤ ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ያዋጣል ብለን የነገርነው እኛ ስለሆንን።

ሂሳቡን ላሳይ። አንድ ቡድን በማቅለጫው ውስጥ በየዙሩ 1 ቅይጥ፣ ማለትም 4 ያወጣል፤ 1 ይበላል፤ 3 ይተርፋል። ጓደኛዬ ቅጣቱ 4 ዙር ይሁን ይላል፤ የማፍረስ ኪሳራ 12 ይሆናል። ካርታ መስጠት 20 ስለሆነ ሁሉም ሰው ያፈርሳል። በወረቀት ስንሞክረው ሦስታችንም አፍርሰናል፣ እኔንም ጨምሮ። እኔ 9 ዙር አልኩ፤ ኪሳራው 27 ስለሆነ አሁን ደግሞ ማንም አያፈርስም። ይህም ምርጫ አይደለም ብሎ ተከራከረኝ፤ እዚህ ላይ እውነት አለው። 7 ዙር ቢሆን 21 ይሆናል፣ ከ20 ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ቅይጥ በተወደደበት ፕላኔት ሠራተኛ ማባረር ያከስራል፤ በረከሰበት ደግሞ ያዋጣል። አንዱ ፕላኔት ላይ የሠራው ውሳኔ ሌላው ላይ አይሠራም ማለት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከፕሮግራሙ በኩል ነው፤ እሱም የዋዛ አይደለም። ስቴላሪስ በ2018 መጨረሻ ላይ በጸሐፊዋ ኡርሱላ ለ ጉዊን ስም በተሰየመው እትሙ የድሮውን ሃያ አምስት ካሬ ትቶ ሰፈር፣ ቤትና ሥራ የሚል ሕግ አመጣ። እኔ ከምፈልገው ጋር የሚቀራረብ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ነዋሪ ሥራ እየፈለገ ሲዞር ጌሙ ወደ መጨረሻው ላይ ይንቀራፈፍ ጀመር፤ በ2025 አራተኛው እትም ነዋሪዎቹን በቡድን መቁጠር የጀመረውም ያለ ነገር አይደለም። ከዚህ የተማርነው ከመጀመሪያው በቡድን ማሰብን ነው። በእኛ ጌም ግለሰብ የለም፣ ቡድን ነው ያለው። ለአንድ ፕላኔት ከ24 ቡድን በላይ አይኖርም፤ የሚያስቡትም በየዙሩ ሳይሆን የሥራ ወይም የቤት ቁጥር ሲለወጥ ብቻ ነው። የላብራቶሪያችን አሮጌ ኮምፒዩተር ይህን አያቅተውም።

«ተጫዋቹ ያላዘዘው ነገር ሲሆን ይናደዳል» ለሚለው ግን መልሴ አጭር ነው። የሚናደደው ምክንያቱን ሳያይ ሲቀር ነው፤ የሦስተኛው ማስተር ኦፍ ኦራየን እንደራሴዎች የጠሉትም ለዚህ ነው። በእኛ ጌም ቡድኑ ከመምጣቱ ከሁለት ዙር በፊት ስክሪኑ ላይ ከየት እንደሚነሳና ለምን እንደሚመጣ ይታያል። ቤት ለመሥራት ሁለት ዙር በቂ ነው። ያላሠራ አይቶ ነው ያላሠራው።

የቅጣቱ ነገር 7 ላይ ልንታረቅ ነው መሰል፤ ጓደኛዬ ገና «ላስብበት» እያለ ነው። የወረቀቱን ቅጂ የሚቀጥለው አርብ ከሰዓት በኋላ በላብራቶሪው ውስጥ እንጫወተዋለን፤ አራት ሰው ያስፈልገናል፣ ሁለት ጎድሎናል። ካልኩሌተር ይዛችሁ ኑ፤ ሜዳውን ከነ12 ቦታው በካርቶን ሠርተነዋል፣ ኮንቴይነሮቹ የክብሪት ቀፎ ናቸው።